ፎርስ ፊድባክ ምንድን ነው? ንዝረት አይደለም

ሰሞኑን ጅማ ፈረንጅ አራዳ ወዳለችው የጥገና ክፍሌ አንድ ወጣት የመኪና ጌም መጫወቻ መሪ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ፎርስ ፊድባኩ ሞቷል» አለኝ። ፈትቼ አየሁት። መጀመሪያውኑም አልነበረውም። የተበጠሰው መሪውን ወደ መሃል የሚመልሰው ላስቲክ ነው። ከሱ ሌላ ያሉት ሁለት ትንንሽ የንዝረት ሞተሮች ናቸው። የሸጠለት ሰው ግን «ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚህ ፎርስ ፊድባክ አለው» ብሎታል። ይህን አባባል መስማት ሰልችቶኛል።

ንዝረት ስልክ ኪስ ውስጥ ሲርገበገብ የምታውቁት ነው። የሆነ ነገር መከሰቱን ይናገራል፣ በቃ። ፎርስ ፊድባክ በሞተር መሪውን ራሱን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይገፋል። ከእጃችሁ ጋር ይታገላል።

ያረሰ ሰው ቶሎ ይገባዋል። እርፉን ጨብጦ ማረሻው ምን እንደነካ ያውቃል። ድንጋይ ሲሆን ይገፋዋል፣ ሥር ሲሆን ይይዘዋል፣ ልል አፈር ሲሆን ይቀለዋል። ዓይኑ በሬዎቹ ላይ ነው፤ መሬቱን የሚያነበው በእጁ ነው። ጌሙም የፊት ጎማዎቹ ላይ ያለውን ኃይል ያሰላል፣ ሞተሩ ያንን ወደ እጃችሁ ያመጣል። ንዝረት ብቻ ያለው መሪ ግን ከማሳው ዳር ቆሞ «ድንጋይ! ድንጋይ!» የሚል ልጅ ነው። ልጁ አልዋሸም። ድንጋዩ በየት በኩል እንደሆነ ግን ገበሬው አላወቀም።

አንድ አስተያየት ሰጪ ደግሞ «ጥቅሙ መሪውን ማክበድ ነው» ሲል ሰማሁ። ወንድሜ፣ ትልቁ መረጃ ያለው መቅለሉ ላይ ነው! በክረምት ከጅማ ወጣ ብሎ ጭቃ መንገድ የነዳ ሰው ያውቀዋል። የፊት ጎማ መሬት ሲይዝ መሪውን ወደ መሃል ይመልሳል። መንሸራተት ሲጀምር ያ ኃይል ይከዳል፣ መሪው እጅህ ላይ ባዶ ይሆናል። ያኔ ነው መሪውን መለስ ማድረግ ያለብህ። የወጣቱ መሪ ላስቲክ ግን በጭቃም በአስፋልትም እኩል ነው የሚጎትተው። ስለ መንገዱ ምንም አያውቅም።

ፎርስ ፊድባክ ካላቸው መሪዎች አንዱ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ሎጂቴክ ጂ29፣ ሁለት ሞተር አለው። ጉልበቱን በጊር ጥርስ ያስተላልፋል፣ 900 ዲግሪ ማለትም ሁለት ዙር ተኩል ይዞራል። በቺንጋ የሚሠሩም አሉ። መሪው በቀጥታ ሞተሩ ላይ የሚታሰርባቸው ከሁሉም ይበረታሉ፤ እነሱን ስትይዙ አውራ ጣታችሁን ወደ ውስጥ አታስገቡ።

ስትገዙ የራሱ የኃይል አስማሚ እንዳለው እዩ። በዩኤስቢ ገመድ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ተጠራጠሩ። መብራት ሲጠፋም ከሶኬት ንቀሉት። እንደገና ኃይል ሲያገኝ ራሱን ለማስተካከል ግራና ቀኝ ይሽከረከራል፣ የሕፃን እጅ መሃሉ ከገባ ይጎዳል።

ለወጣቱ ላስቲኩን ቀየርኩለት። መሪው አሁን ወደ መሃል ይመለሳል።