የሰው ብዛትና የጎጃም መሬት

የዓለም ሕዝብ 8 ቢሊዮን ደረሰ የተባለው ኅዳር 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ቀኑን በግምት ያወጣው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የዓለም ሕዝብ ገና 1 ቢሊዮን ገደማ ነበር። የዕድገቱ ፍጥነት ግን እየቀነሰ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በዓመት 2 በመቶ ገደማ ነበር፤ አሁን ከ1 በመቶ በታች ወርዷል። ኢትዮጵያ ገና እዚያ አልደረሰችም። የ1987ቱ ቆጠራ 53 ሚሊዮን፣ የ1999ኙ ደግሞ 73 ሚሊዮን ሰው አገኘ። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተደረገም። ግምቶቹ ግን ከ120 ሚሊዮን በላይ ይላሉ።

ጎጃም ላይ ይህ ሁሉ የሚታየው የማሳ ወሰን ላይ ነው።

በርስት ዘመን ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን ዘር ቆጥሮ መሬት ይጠይቅ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ ታወጀ። ገበሬ ማኅበሩም በቤተሰብ ብዛት ያከፋፍል ጀመር። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል እንደገና ሽግሽግ ተደረገ። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሹም የነበረው «ቢሮክራት» ተብሎ መሬቱ ተቀነሰበት። ቂሙ በብዙ መንደር ቶሎ አልጠፋም። ከዚያ በኋላ የመሬት ደብተር መጣ። ባለይዞታው ዋስትና አገኘ፤ ያኔ ሕፃን የነበረው ግን የሚከፋፈል መሬት አጣ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ገደማ ነው። አራት ቃዳ ያለው አባት ለአራት ልጆቹ ቢያካፍል ለእያንዳንዱ አንድ ቃዳ ይደርሰዋል። አንድ ቃዳ ቤተሰብ አይቀልብም። ልጁ የሰው መሬት የእኩል ያርሳል፤ አለዚያ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ገብቶ የቀን ሥራ የሚፈልግም ሞልቷል።

ማሳ ሲጠብ መጀመሪያ የሚበላው የወል ግጦሹ ነው። ግጦሽ ሲያልቅ ከብት ይቀንሳል፣ ፍጉም ያንሳል። ያለውም ቢሆን ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። እንጨት የለማ! ገለባው ደግሞ ለከብቱ ይታጨዳል። ለአፈሩ የሚመለስለት ነገር የለም። በዚያ ላይ የጎጃም ደጋ ዝናብ የበዛበት ነው፤ ንጥረ ነገሩ እየታጠበ አፈሩ አሲዳማ ይሆናል። አሲዳማ አፈር ላይ ማዳበሪያ ቢጨምሩበት እምብዛም አይሠራም። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ግን በርካታ ኩንታል ነው፤ ያንን ተሸክሞ ማሳ ማድረስ ራሱ አንድ ሥራ ነው።

ጮቄ ላይ ነገሩ ወለል ብሎ ይታያል። ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ወደ ዓባይ የሚገቡ ብዙ ወንዞች ከእሱ ይነሳሉ። ድሮ አስታ፣ ጓሳና ጅብራ የሚባሉ የደጋ ዕፅዋት የነበሩበት ቁልቁለት ዛሬ ገብስና ድንች ይዘራበታል። ገብሱ እምቢ ያለበት ማሳ እንግዶ የሚባል የአጃ ዓይነት ይዘራበታል። ክረምት ሲገባ ቦረቦሩ ይሰፋል፣ ወንዙም ቡናማ ይሆናል። እርከን የተሠራበትና ልቅ ግጦሽ የቀረበት ቦታ ግን ሲያገግም ታይቷል።

በጎጃሙ አዊ ዞን ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ገበሬው ራሱ ማሳውን ዲከረንስ በሚባለው የአውስትራሊያ ግራር ሸፈነው። በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክለዋል። ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል፣ ከሰሉም አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል። ዛፉ ለአፈሩ ናይትሮጅን ይሰጣል። ሰው በበዛበት አገር ደን መጨመሩ «ሰው በዛ፣ ዛፍ አለቀ» የሚለውን ወሬ በጥርጣሬ እንድናየው ያደርጋል። በቅርብ ዓመታት ግን የፈንገስ በሽታ ገብቶበት ብዙ ገበሬ ከስሯል።

ችግሩን ሁሉ በጎጃም ገበሬ ልጆች ቁጥር ማሳበብም ልክ አይደለም። መኪናና ማቀዝቀዣ የሌለው ቤተሰብ አየር ንብረቱን የሚጎዳው በጣም በጥቂቱ ነው። እሱ የሚያስጨንቀው የራሱን አፈር ነው፤ ዳፋውም ለራሱ ነው።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አባባል ዛሬም ይሰማል፤ አኗኗሩ ግን ተለውጧል። ኢትዮጵያ የሕዝብ ፖሊሲ ያወጣችው በ1985 ዓ.ም. ነው። ከ1995 ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሦስት ወሩን መርፌና ክንድ ላይ የሚቀበረውን መከላከያ ቀበሌ ድረስ አደረሱ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጥናት አንዲት እናት በአማራ ክልል በአማካይ 3.7 ልጅ ትወልድ ነበር፤ የአገሪቱ አማካይ 4.6 ነበር። ቢሆንም ቁጥሩ ወዲያው አይቆምም። ወላጅ የሚሆኑት ብዙዎቹ ቀድመው ተወልደዋል፤ እነሱም መሬት እየጠየቁ ነው።