«ቫልቭ ድምፅ ያሞቃል» ለምትሉኝ ደንበኞቼ

ደብረ ብርሃን ላይ ቴፕና አምፕሊፋየር ስጠግን ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ «ቫልቭ ያሞቃል፣ ትራንዚስተር ያደርቃል» እንደሚለው ወሬ ያሰለቸኝ ነገር የለም። ቫልቭ ድምፅ የሚያጎላ፣ አምፖል የሚመስል የመስታወት ዕቃ ነው፤ ትራንዚስተር ደግሞ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ትንሽ ጠጣር ዕቃ። ድሮ ሽማግሌዎች ነበሩ የሚሉኝ። አሁን ዩቲዩብ ያየ ሁሉ ይለኛል። ሙቀት የፈለገ ሰው እኮ በዚህ ከተማ ጋቢም አረቄም አያጣም።

እዚህ የማወራው ስለ ቫልቭ ፕሪአምፕ ነው፤ ከዋናው አምፕሊፋየር በፊት ስለሚገባው ዕቃ። እስቲ ከቀላል ቀላሉ ልጀምር።

«ፕሪአምፕ ካስገባሁ ጉልበት ይጨምርልኛል።» አይጨምርም። ስፒከሩን የሚገፋው ከኋላ ያለው ፓወር አምፕሊፋየር ነው። ፕሪአምፕ ምንጭ ይመርጣል፣ ድምፅ ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ ደካማ ሲግናል ሲመጣ ያጎላል። ሲዲ ማጫወቻ ደግሞ 2 ቮልት ገደማ ስለሚያወጣ ለአብዛኛው ፓወር አምፕሊፋየር ይበቃዋል። ማጉላት የግድ የሚሆነው ለሸክላ ነው። የተለመደው የሸክላ መርፌ የሚሰጠው 5 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ተቀንሶ፣ ትሬብሉ (ቀጭኑ) ተጋኖ ነው። ፎኖ ፕሪአምፕ (የሸክላ ፕሪአምፕ) ይህን መልሶ ማስተካከል አለበት። የሸክላ ማጫወቻውን በቀጥታ ሲዲ የሚገባበት ላይ ሰክቶ «ሸክላዬ እንደ ትንኝ ይጮኻል» የሚለኝ ሰው በየዓመቱ አይጠፋም።

«ቫልቭ ቶሎ ይቃጠላል።» የፕሪአምፕ ትንንሽ ቫልቮች በሺዎች የሚቆጠር ሰዓት ይሠራሉ። በንጉሡ ጊዜ የተገዛ ሬዲዮ ከፍቼ ቫልቮቹ ደህና ሆነው አግኝቻለሁ። ሞቶ የሚገኘው አጠገባቸው ያለው፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ኮንደንሰር ነው።

«የድሮ ቫልቭ ሁሉ ከአዲሱ ይበልጣል።» ድሮም ብልሹ ዕቃ ይሠራ ነበር።

አሁን ወደ ሙቀቱ።

ወሬው ከሜዳ አልተነሣም። አሜሪካዊው ፈልሳፊ ሊ ደ ፎረስት ባለ ሦስት ኤሌክትሮድ ቫልቭ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። ትራንዚስተር በአሜሪካ ቤል ላብስ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1947 መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ቫልቭ አርባ ዓመት ቀድሞ በስሏል። መጀመሪያ የወጡት የትራንዚስተር አምፕሊፋየሮች ደግሞ እውነትም ይሻክሩ ነበር። ሥራውን ሁለት ትራንዚስተሮች ይካፈሉታል። አንዱ ለሌላው ሲያቀብል ድምፁ ይቆረጣል። ድምፅ ዝቅ ሲደረግ ይበልጥ ይሰማል። ያኔ «ደረቅ ነው» ያለ ሰው አልዋሸም። ችግሩ ግን የፓወር አምፕሊፋየር ነበር፤ ከተፈታም ስንት ዘመኑ።

ቫልቭስ ምን ይጨምራል? ከአቅሙ በላይ ሲግናል ገብቶበት ሲጨናነቅ በብዛት የሚጨምረው ንዝረቱ የዋናው ድምፅ እጥፍ የሆነ ቀጭን ድምፅ ነው። ሠርግ ላይ ወንዱ በወፍራሙ፣ ሴቷ በቀጭኑ አንዱን ዜማ ሲያወጡት አስቡ። ጆሮ ሁለት ነገር ሰማሁ አይልም፤ ሞላ ያለ አንድ ዜማ ይሰማል። «ሞቀ» የሚሉት ይህን ነው። ነገር ግን በደንብ በተሠራ ፕሪአምፕ ውስጥ ቫልቩ አይጨናነቅም። ጥቂት ቮልት ቢያወጣ ነው፤ የሚጨምረውም ከመቶ አንድ እጅ በታች ነው። ሰው የሚያደንቀው የቫልቭ ድምፅ በአብዛኛው የሚመጣው ከቫልቭ ፓወር አምፕሊፋየር ነው። እሱ ከስፒከሩ ጋር በአብዛኛው የሚገናኘው በትራንስፎርመር ነው፤ የስፒከሩም ጠባይ ድምፁን ይለውጠዋል። ፕሪአምፕ ከስፒከር ጋር ምን አገናኘው?

ሌላም አለ። አንዳንድ የቫልቭ ፕሪአምፕ ረጅም ገመድ መንዳት አይችልም። አሥር ሜትር ገመድ ስትቀጥልበት ትሬብሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ባለቤቱ «ሞቀ» ይላል። ትሬብሉ ጠፋ እንጂ ምኑ ሞቀ?

ጡረታ የወጡ አንድ መምህር አሉ። ልጃቸው ከውጭ የቫልቭ ፕሪአምፕ ላከችላቸው። ውስጡ ኢሲሲ83 የሚባል ቫልቭ ነው፤ አሜሪካኖቹ 12ኤኤክስ7 የሚሉት። እኔ ደግሞ በኤንኢ5532 አይሲ (ብዙ ትራንዚስተር በአንድ ቁራጭ የያዘ ዕቃ) የሠራሁትን ይዤ ሄድኩ። የአይሲው ዋጋ ከማኪያቶ ብዙ አይርቅም። የመንዝ ባና በሁለት ወንበር መሃል ወጥሬ ዕቃዎቹን ከኋላው ደበቅኳቸው። መጀመሪያ ሆን ብዬ የእኔን በትንሹ ከፍ አደረግኩት።

«ይኸው ልጄ፣ ይኼ ነው ቫልቩ። አትሰማም እንዴ እንዴት እንደሚያሞቅ!» አሉኝ።

የእኔው አይሲ ነበር።

ጆሮ እንዲህ ነው። ትንሽ ከፍ ያለውን የተሻለ ይለዋል። ስለዚህ ማወዳደር የፈለገ ሰው መጀመሪያ ድምፁን ያስተካክል፤ በጆሮ ሳይሆን ቮልት በሚለካው ቴስተር። የ400 ኸርዝ ድምፅ ከስልክ አጫውቱ፣ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ የስፒከሩን ሁለት ጫፍ ለኩ። ሁለቱም ፕሪአምፕ እኩል ቮልት እስኪሰጡ አስተካክሉ። ልዩነቱ ከመቶ አንድ እጅ አይበልጥ። ከዚያ ሌላ ሰው ይቀያይርላችሁ፤ እናንተ አትዩ። በዚህ መንገድ ለመምህሩ አሥር ጊዜ ቀያየርኩላቸው። አምስቱን አገኙ። ዘውድና ጎፈር ብንጥልም ከዚህ አያንስም ነበር። ቡና አስፈልተው «ዕቃህ ተበላሽቶ ይሆናል» አሉኝ።

ለሸክላ የምታወጡት ገንዘብ ካለ መጀመሪያ መርፌ ግዙ። ያለቀ መርፌ ሸክላውንም ይበላዋል። ቀጥሎ ስፒከራችሁን ከጥጉ አውጡት። ልዩነት የሚሰማው እዚያ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀልድ የለውም። «ሶኬቱን ነቅያለሁ፣ ምን ያደርገኛል» የሚሉ ልጆች አሉ። የአይሲ ፕሪአምፕ ውስጡ 15 ቮልት ቢሠራ ነው። የቫልቩ ግን 250 እና 300 ቮልት ይይዛል፤ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ኮንደንሰሩ ያቆየዋል። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ይህንኑ ብዬ እጄን አስገባሁ። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ደነዘዘ፤ መበየጃው ግድግዳ ላይ ተገኘ። የኮንደንሰሩን ሁለት ጫፍ በሬዚስተር አገናኝታችሁ አፍስሱት። ከዚያ በቴስተር ዜሮ መሆኑን እዩ። አንድ እጃችሁ ኪሳችሁ ይግባ። መብራት ሲጠፋም ሶኬቱን ንቀሉ። ሲመለስ አንዳንዴ ከልክ በላይ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ያኔ ቫልቩም አይሲውም አይተርፍም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ በመዳፍ የምትያዝ የቻይና ፕሪአምፕ ይዞ መጣ። ከላይ ሁለት ቫልቭ ቆሞባታል።

«ጋሼ፣ አንዱ ቫልቭ ተቃጥሏል መሰለኝ። መብራቱ ጠፋ፤ ድምፁም ደረቀ።»

ሰካሁት። ሁለቱም ወገን እኩል ይሠራል። ቫልቩን ነቅዬ ከታች አየሁ። ያ ሲያስደስተው የነበረው ብርቱካንማ ብርሃን የቫልቩ አልነበረም። ቫልቩ የሚሰካበት ቦታ መሃል ላይ የተበየደ ትንሽ ኤልኢዲ መብራት ነው። የቫልቩ የራሱ ፍም በቀን እምብዛም አይታይም። የሞተውን ኤልኢዲ ቀየርኩና ቫልቩን መልሼ ሰካሁት። ልጁ ዘፈን ከፈተ። ዓይኑን ከመብራቱ ሳይነቅል ትንሽ አዳመጠ።

«አሁን ሞቀ ጋሼ» አለኝ።