የረጅም ጊዜ እቅድና ውሳኔ መሳሪያዎች፣ በሰሜን ሸዋ አይን

የረጅም ጊዜ እቅድ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን የመንግስት ሰነድ ነው፣ ደርግ ከ1977 ጀምሮ የአስር አመት መሪ እቅድ ነበረው፣ ከ2003 እስከ 2012 ሁለቱ የእድገትና ትራንስፎርሜሽን እቅዶች ነበሩ፣ አሁን ደሞ እስከ 2022 የሚዘልቀው የአስር አመቱ አለ። ግን እቅድ ማለት ግብ መደርደር ብቻ አይደለም፣ ነገ እንዳሰብነው ባይሆንስ ምን እንወስናለን የሚለው ነው ዋናው።

በየቢሮው የሚታወቀው ስዎት ነው፣ ጥንካሬ ድክመት መልካም አጋጣሚና ስጋት። ለመነሻ ጥሩ ነው ግን የዛሬን ፎቶ ነው የሚያነሳው።

ሲናሪዮ ፕላኒንግ፣ ማለትም ሊመጡ የሚችሉ የተለያዩ ነገዎችን አስቦ ማቀድ፣ ከዚህ ይለያል። ሄርማን ካን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ራንድ በሚባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም ጀመረው፣ በኋላ ሼል የነዳጅ ኩባንያው ውስጥ ፒየር ዋክና ባልደረቦቹ አሳደጉት፣ እ.ኤ.አ. የ1973ቱ የነዳጅ ዋጋ ንረት ሲመጣ ሼል እንዲህ ያለ ነገር ሊመጣ እንደሚችል ቀድሞ አስቦበት ነበር። አሰራሩ ከባድ አይደለም። አንድ የመንዝ ገበሬዎች ዩኒየን በጣም እርግጠኛ ያልሆነባቸውን ሁለት ነገሮች ይመርጣል እንበል፣ የበልግ ዝናብና የቢራ ገብስ ገበያ። በልጉ ጥሩም መጥፎም ሊሆን ይችላል ገበያውም እንደዛው፣ ስለዚህ አራት አይነት ነገ ይወጣል ማለት ነው። ከዛ በአራቱም የሚያዋጣው የቱ ነው ብሎ መጠየቅ፣ ለምሳሌ መጋዘንና የራስ ዘር ክምችት በአራቱም ይጠቅማል፣ ትልቅ ብድር ግን በአንዱ ብቻ ሊያዋጣ ይችላል። ደሞ የትኛው እየመጣ እንደሆነ የሚጠቁም ምልክት አስቀድሞ ይፃፋል፣ እስከ መጋቢት አጋማሽ ካልዘነበ ወደዚህ እንዞራለን ተብሎ። እኔ በጣም የምወደው ይሄን ክፍል ነው ምክንያቱም ውሳኔው ጭንቀት ሳይመጣ ነው የሚወሰነው።

ዴልፋይ የሚባለው የባለሙያ ግምት መሰብሰቢያ ዘዴም ከራንድ የወጣ ነው፣ ባለሙያዎች ስማቸው ሳይታወቅ ግምታቸውን ይፅፋሉ ውጤቱ ተጠቃሎ ይመለስላቸውና በሁለተኛ ዙር ያስተካክላሉ። እኛ ጋ አለቃ ወይ ሽማግሌ ከተናገረ በኋላ ሌላው ዝም ስለሚል ይሄ ዘዴ በጣም ያስፈልገናል።

የውጪውን ብቻ ማውራት ደሞ ልክ አይሆንም። መንዝ ጓሳ ላይ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ የሚነገርለት የቄሮ ስርአት አለ፣ የአፅመ ርስት፣ ማለትም ከአያት ቅድመ አያት የወረደ የመሬት መብት ያላቸው ሰዎች መሪያቸውን መርጠው የጓሳውን ሳር ለሶስትም ለአምስትም አመት ይዘጉት ነበር፣ ሳሩ ሲደርስ ተመክሮበት ይከፈታል፣ ቤተክርስቲያንም በግዝት ታግዝ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ስርአቱን ቢያፈርሰውም ማህበረሰቡ በኋላ በኮሚቴ መልሶ ጥበቃውን ያዘ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዛ አሉ። ማን ይወስናል፣ መቼ ይከፈታል፣ የጣሰ ምን ይሆናል የሚለው ሁሉ የተመለሰበት እቅድ ነው፣ ብዙ የስትራቴጂክ ሰነዶች ይሄ የላቸውም።

ቢኤስሲ (ባላንስድ ስኮርካርድ፣ የተመጣጠነ የውጤት መለኪያ) ደሞ ካፕላንና ኖርተን እ.ኤ.አ. በ1992 ያስተዋወቁት የመለኪያ መሳሪያ ነው፣ ወረዳ ድረስ ወርዷል፣ የተመረጠውን መንገድ ይለካል እንጂ መንገድ አይመርጥም። ስለዚህ ሲናሪዮው ይቅደም፣ ለገጠር ማህበራት የሚመቸው ጊዜ ከመኸር አጨዳ በኋላ በልግ ከመዘራቱ በፊት ነው፣ ሰውም ጊዜ አለው የአመቱ ምርትም እጅ ላይ ነው።