ችግኝ መሸጫ ስንገባ ይዘናቸው የምንሄድ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ዳር አበባና ችግኝ የሚሸጥባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ከነዚህ መሀል ለየት ያሉ አሉ። ከጀርባቸው የኮምፖስት፣ ማለትም ከልጣጭ፣ ከቅጠልና ከፍግ በስብሶ የሚሠራ ማዳበሪያ፣ ክምር አላቸው። ችግኙን በአሮጌ ጎማ፣ በዘይት ጀሪካን፣ በዱቄት ወተት ጣሳ ተክለው ይሸጣሉ። ከመሸጣቸው በፊት «ቦታው ፀሐይ ያገኛል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጣጭ ይዞላቸው የሚመጣ ደንበኛ ካለ ደስ ብሏቸው ይቀበላሉ።

እንዲህ ያሉ ቤቶች እንዲበዙ ከልቤ እፈልጋለሁ። ግን ብዙ ሰው አበባ ብቻ ገዝቶ ይወጣል። ከክምሩ አጠገብ ቆሞ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ዓመቱን ሙሉ የሚጠቅመውን ነገር ይዞ ይሄድ ነበር። የማይጠይቀው ደግሞ መልሱን የሚያውቀው ስለሚመስለው ነው። እዚያው ቆሜ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ኮምፖስት ይሸታል፤ አይጥ ይጠራል»

ሰውን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው ይሄ ስለሆነ ረዘም ላድርገው።

በደንብ የተሠራ ኮምፖስት አይሸትም። ቢሸትም ሽታው ዝናብ የመታው አፈር ነው። የሚከረፋው አየር ያጣ ክምር ነው። የሽንኩርት፣ የድንችና የጎመን ትራፊ ብቻውን ሲደራረብ ውሃ ይለቃል፣ ይታመቃል፣ አየር ያጣል። ያኔ ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቦታውን ይይዙታል። የተበላሸ እንቁላል የሚመስለው ሽታ የእነሱ ሥራ ነው።

መፍትሔው ደረቅ ነገር ነው። ለአንድ ባልዲ ልጣጭ ሁለት ባልዲ ያህል ደረቅ ቅጠል፣ ጭድ፣ ሰጋቱራ ወይም የተቀዳደደ ካርቶን ጨምሩበት። ባለሙያዎች ይህን በካርቦንና በናይትሮጅን ይለኩታል፤ ደረቁ ነገር ካርቦን፣ ልጣጩ ደግሞ ናይትሮጅን ይበዛበታል። ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲኖር ክምሩ ጥሩ ይሠራል። እናንተ ግን ሚዛን አያስፈልጋችሁም። ከክምሩ መሀል አንድ እፍኝ አውጥታችሁ ጭመቁት። ውሃ ከተንጠባጠበ በጣም ርሷል፣ ደረቅ ጨምሩ። እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ ደርቋል፣ ውሃ ርጩበት። ሳይንጠባጠብ ተያይዞ ከቀረ ልክ ነው። በሳምንት አንዴ ማገላበጥ ደግሞ አየር ያስገባለታል።

የበዓል ቄጤማ ምን እንደምታደርጉት አስባችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት ቀን ወለል ላይ ከርሞ ደረቅ ካለ በኋላ በፌስታል ታስሮ ይጣላል። ለልጣጭ ግን ከእሱ የተሻለ ሽፋን ማግኘት ከባድ ነው። የጫት ገረባም እንደዚያው ነው። ቅጠሉ ቶሎ ይበሰብሳል፤ እንጨቱ ግን ጠንካራ ስለሆነ አጠር አጠር አድርጎ መቆራረጥ ያስፈልጋል።

አይጥን ከልጣጭ ይልቅ በዋናነት የሚጠራው ሥጋ፣ አጥንት፣ ቅባትና የወጥ ትራፊ ነው። እነሱን አታስገቡ። ያደረ እንጀራ በጥቂቱ፣ ተቆራርሶ፣ ከመሀል ተቀብሮ ችግር የለውም። ከላይ ሁልጊዜ የደረቅ ነገር ሽፋን ይኑረው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን፣ ቁመቱም ሜትር የሚደርስ ክምር መሀሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። እጅ ማስገባት ያቅታል። ይህ ሙቀት ለቀናት ሲቆይ የአረም ዘርንና ብዙ በሽታ አምጪ ነገሮችን ይገድላል። የባልዲ ኮምፖስት ግን እዚያ አይደርስም። ስለዚህ በባልዲ የምትሠሩ ከሆነ ዘር ያፈራ አረምና በበሽታ የደረቀ የቲማቲም ተክል አትጨምሩበት።

«የበሰበሰ ነገር ሁሉ ኮምፖስት ነው»

አይደለም። በዚህ ስንት ችግኝ አልቋል! ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ገና ያልበሰለ ኮምፖስት ደግሞ አፈር ውስጥ ገብቶ መብላላቱን ይቀጥላል። ለዚያ የሚያስፈልገውን ናይትሮጅን ከተክሉ ይሻማል። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ባለቤቱ «ኮምፖስት አልተስማማውም» ይላል።

የበሰለውን በዓይን መለየት ይቻላል። ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፣ ይፈረፈራል፣ አይሞቅም፣ ምን ከምን እንደተሠራ አይታወቅም። እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ ፌጦ ዝሩበት። አዎ፣ ለሆድ ቁርጠት የምንበላው ፌጦ። አንድ ሣህን ላይ ኮምፖስቱን አርጥባችሁ ዘርዘር አድርጋችሁ በትኑበት። ሌላ ሣህን ላይ ደግሞ ተራ አፈር አድርጋችሁ ያንኑ ዝሩ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁለቱም እኩል ከበቀሉ ኮምፖስቱ ደርሷል። በኮምፖስቱ ላይ ያለው ከቀረ ወይም ሥሩ ቡናማ ሆኖ ከኮሰሰ ገና ነው። ይህ የሰፈር ዘዴ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የኮምፖስት ላቦራቶሪዎችም የሚፈትኑት በፌጦ ነው፤ ምክንያቱም ቶሎ ይበቅላል፣ በአፈር ውስጥ ያለ መርዛማ ነገር ደግሞ ወዲያው ያሳብቅበታል።

«አፈሩ ጥቁር ከሆነ ለም ነው»

ቦሌን፣ ሲኤምሲን፣ አቃቂን የሚያውቅ ሰው ጥቁር አፈር ምን እንደሆነ ያውቃል። መረሬ ነው። ክረምት ሲመጣ ያብጣል፣ ውሃ አያሳልፍም፣ ጫማ ይይዛል። በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። ብዙ ንጥረ ነገር መያዝ ይችላል። የሚያንሰው አየር ነው። ችግኝ መረሬ ውስጥ የሚሞተው ብዙ ጊዜ በረሃብ ሳይሆን ሥሩ ታፍኖ ነው። ኮምፖስት ለመረሬ የሚያደርግለት ትልቁ ውለታ ማፍረክረክ ነው። አሸዋማ አፈር ላይ ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል፤ ውሃ ይይዝለታል።

በዚህ ላይ «የጫካ አፈር» እየተባለ በጆንያ የሚሸጥ አለ። እባካችሁ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ከጫካ የተጫረ የላይኛው አፈር ከሆነ የእናንተን ሦስት ማሰሮ አበባ ለማሳመር ተራራው ተራቁቷል ማለት ነው። ያ አፈር ለመፈጠር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈልጋል። በኮምፖስት የሚሠራ ችግኝ መሸጫ ይህን አፈር አያስፈልገውም። ከሌላው የሚለየውም በዋናነት እዚህ ላይ ነው።

«ኮምፖስት ካለ ሌላ ማዳበሪያ አያስፈልግም» እና «ኮምፖስት የድሃ ማዳበሪያ ነው»

ሁለቱም ስህተት ናቸው፣ በተቃራኒ አቅጣጫ።

ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ኮምፖስት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ አለው። ስለዚህ በአንድ እፍኝ ተአምር የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። ኮምፖስት በብዛት የሚሰጥ፣ ቀስ ብሎ የሚመግብ ነገር ነው። ዩሪያ የማይሰጠውን ግን ይሰጣል። አፈሩ ራሱ ይሻሻላል፣ ውሃ ይይዛል፣ ነፍሳቱ ይመለሳሉ።

የድሃ ነው ለሚሉት የትግራይን ምሳሌ ልጥቀስ። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከገበሬዎች ጋር ሆነው በተራቆተ መሬት ላይ በኮምፖስት ማልማት ጀመሩ። ለዓመታት በተሰበሰበው የምርት መረጃ በኮምፖስት የለማው ጤፍ፣ ገብስና ስንዴ ፋብሪካ ማዳበሪያ ከተደረገበት ጋር እኩል፣ ብዙ ጊዜም የበለጠ ምርት ሰጠ። የኮምፖስቱ ጥቅም ደግሞ በአንድ ዓመት አያልቅም። በቀጣዩ ዓመትም ሰብሉ ላይ ይታያል። ያ ሥራ የተሠራው በድርቅ በሚታወቅ አካባቢ እንጂ በተመቸ መሬት ላይ አይደለም።

ስለ ቡና፣ ስለ አመድና ስለ ትል

እነዚህን በአጭሩ። የቡና አተላ አሲድ ነው ይባላል። አሲዱ አብዛኛው ከቡናው ጋር ተጠጥቷል፤ አተላው ለገለልተኛ የቀረበ ነው። ግን ከጀበናው በቀጥታ ማሰሮ ላይ ደጋግሞ መድፋት አይበጅም። ሲደርቅ ቆዳ ሆኖ ውሃ ይመልሳል። ቦታው ክምሩ ውስጥ ነው።

አመድ ለሁሉም ተክል አይሆንም። የአፈርን አሲድ ስለሚቀንስ እንደ ጎጃምና ወለጋ ባሉ አሲዳማ አፈሮች ላይ ይጠቅማል። አሲድ በሌለበት አፈር ላይ ሲበዛ ይጎዳል። ፌስታልና ፕላስቲክ አብሮ የተቃጠለበት አመድ ከሆነ ጭራሽ አትጠቀሙ።

ትል ታየ ተብሎ የተደፋ ኮምፖስት ያሳዝነኛል። ቀዩ ትል ሥር አይበላም። የሚበላው የሚበሰብሰውን ነው፤ የሚያወጣው ደግሞ ምርጥ ማዳበሪያ ነው። አንዳንድ ችግኝ መሸጫዎች ቀዩን ትል ከነመኖሪያው ይሸጣሉ። እናንተ ጋ በነፃ ከመጣ ተቀበሉት።

«ያለቀ ዕቃ ሁሉ ማሰሮ ይሆናል»

ሀይላንድ፣ ጣሳ፣ ጀሪካን፣ የተሰበረ ባልዲ፣ አዎ ይሆናል። ሁለት ነገር ግን እዩ። አንደኛ፣ ዕቃው ምን ይዞ ነበር? የፀረ ተባይ ወይም የሌላ ኬሚካል ጀሪካን ከሆነ ታጥቦም ቢሆን ለሚበላ ነገር አይሆንም። ሰላጣና ቆስጣ የምትተክሉ ከሆነ የምግብ ዕቃ የነበረውን ምረጡ። ሁለተኛ፣ ከሥሩ ቀዳዳ አለው? አንድ ቀዳዳ አይበቃም፤ አምስት ስድስት በጋለ ሚስማር ብሱ። ጠጠር ከታች ማድረግ ቀዳዳን አይተካም።

«ይበሰብሳል» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ፌስታልም አትመኑት። ብዙዎቹ የሚበሰብሱት በፋብሪካ ደረጃ ባለ ሙቀት ብቻ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ተሰባብረው ደቃቅ ፕላስቲክ ሆነው አፈር ውስጥ ይቀራሉ። እኛ አገር በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ጸድቋል። ችግኝ ለመግዛት ስትሄዱ ዘንቢል ወይም ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ።

«እኔ ብለየው ምን ዋጋ አለው? መኪናው ቀላቅሎ ይወስደዋል»

ይህን የሚሉ ሰዎች ያዩትን ነው የሚናገሩት። በሁለት ከረጢት ለይተው ያወጡት ቆሻሻ አንድ ጋሪ ላይ ሲደባለቅ ያየ ሰው ቢናደድ አይፈረድበትም። ግን ድምዳሜው ትክክል አይደለም።

ከአዲስ አበባ ቤቶች ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነገር ነው። እሱ ከግቢያችሁ ካልወጣ ማንም አይቀላቅለውም። ብረቱን፣ ጠርሙሱንና ፕላስቲኩን ደግሞ ቆራሌው ከበራችሁ ላይ ይገዛችኋል። ከእሱ እጅ ወጥቶ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሲደርስ ምድጃ፣ መጥረቢያ፣ ባልዲ ሆኖ ይወጣል። ይህ ሰንሰለት «ሪሳይክሊንግ» የሚባለው ቃል ከመለመዱ በፊት ነበረ። ጥያቄው የሚደርሰው ዕቃ ንጹህ ነው ወይስ ወጥ ተደፍቶበታል የሚለው ነው። ስለዚህ የምትለዩት ለመኪናው አይደለም።

«ረጲ ያለው ፋብሪካ ያቃጥለው የለ?» የሚልም አለ። ቆሼ ላይ የተሠራው የኃይል ማመንጫ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመርቋል። ነገር ግን የድንች ልጣጭ አብዛኛው ውሃ ነው። እሳቱ ጉልበቱን ውሃውን በማትነን ይጨርሳል። እርጥብ ቆሻሻ ለማቃጠያ የመጨረሻው መጥፎ ነዳጅ ነው።

ተከምሮ ሲቀር ደግሞ አየር ስለማያገኝ ሚቴን ያመነጫል። ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃል። ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ እንዲያ ሲከመር ኖሮ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ እዚያው ጥግ ቤት የነበራቸው፣ ከክምሩ የሚሸጥ እየለቀሙ የሚኖሩ ነበሩ። የአንድ ቤት ልጣጭ ያንን ተራራ አይሠራውም፣ አያፈርሰውም። ግን የተሠራው ከየቤቱ በወጣ ፌስታል ነው።

«ሰፊ ግቢ ይፈልጋል»

ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ክዳን ያላቸው ሁለት ባልዲዎች ይበቃሉ። አንዱን ትሞላላችሁ፣ ሲሞላ ትተዉታላችሁ፣ ሌላውን ትጀምራላችሁ። ጎኑንና ሥሩን ብሱት። በሦስት ወይም በአራት ወር የመጀመሪያው ይደርሳል። በረንዳ የሌለው ሰው ልጣጩን አጠራቅሞ ወደሚቀበለው ችግኝ መሸጫ መውሰድ ይችላል።

«ትልቁ ችግኝ ይሻላል»

የመጨረሻው ይሄ ነው፤ ገንዘብ የሚያስወጣውም እሱ ነው። ረጅሙ ችግኝ ብዙ ጊዜ በተተከለበት የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ከመጠን በላይ የቆየ ነው። ሥሩ ቦታ አጥቶ እዚያው ዞሮ ዞሮ ተጠምጥሟል። መሬት ውስጥ ከገባ በኋላም እንደተጠመጠመ ይቀጥላል፤ ከዓመታት በኋላ ነፋስ ይጥለዋል። ሻጩን «የቱቦውን ሥር አሳዩኝ» በሉት። ሥር ከታች ቀዳዳ ወጥቶ መሬት ከያዘ ተዉት። አጠር ያለ፣ ግንዱ ወፈር ያለ፣ ቅጠሉ ያማረውን ውሰዱ።

ቤት ስትደርሱ ቱቦውን በምላጭ በአንድ በኩል ብቻ ቀጥ አድርጋችሁ ሰንጥቁ እንጂ አትቦጫጭቁት። ቁርጥራጩ አፈር ውስጥ ከቀረ አይወጣም። የተሰነጠቀውን ጠቅልላችሁ በሚቀጥለው ስትሄዱ ለሻጩ መልሱለት፤ ጣሳና ማሰሮ ከሆነ ደግሞ ለሌላ ችግኝ ይሆነዋል። ስትመልሱለትም ክምሩን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።