ላብኔ አይብ ነው እንዴ?

ከቤሩት የተመለሱ እህቶቻችን ደሴ ላይ «ላብኔ» ሲሉ ብዙ ሰው «አይብ ማለት ነው» ብሎ ያልፋል። አይደለም።

አይብ የሚወጣው ከአሬራ ነው። እርጎው ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣለታል፣ የቀረው አሬራ ለስለስ ባለ እሳት ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። ላብኔ ግን እሳት አያይም፤ ቅቤውም አይወጣለትም። እርጎው ትንሽ ጨው ይገባበትና በንጹህ ስስ ጨርቅ ተቋጥሮ ይንጠለጠላል። ሌሊቱን አጓቱ ጠብ ጠብ ሲል ያድራል። ጠዋት ጨርቁን ስትፈቱት ወፈር ያለ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ በቢላ የሚቀባ ነገር ታገኛላችሁ።

አይብ ይፈረፈራል፤ ይሄ ይለጠፋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ዶሮ ወጥ ጎን አይብን አይተካም፣ ኮምጣጣነቱ ይበዛል። ትኩስ ዳቦ ላይ ከወይራ ዘይት ጋር ግን ሌላ ነው! አጓቱንም አትድፉት፣ ለዳቦ ሊጥ ይሆናል።