በፖለቲካ ንግግር ውስጥ «እኛ» ማነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ ላይ አንድ ባለሥልጣን መድረክ ይዞ በአማርኛ ሲናገር፣ ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ቤቱ ሲገባ የሚያወራው በሶማሊኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሐረሪ ሊሆን ይችላል። ንግግሩ ሲያልቅ የሚሰማው አስተያየት ግን በአብዛኛው ወይ «ጥሩ ተናገረ» ወይ «ባዶ ወሬ ነው» የሚል ነው። ሁለቱም ሥልጣን በቋንቋ ውስጥ የሚሠራበትን ቦታ አያገኙትም።

«ርዕዮተ ዓለም ያለው በትልልቅ ቃላት ውስጥ ነው»

ትልልቆቹ ቃላት ለመለየት ቀላል ናቸው። «ሰፊው ሕዝብ»፣ «አድኃሪ» ሲባል ደርግ፣ «ልማታዊ መንግሥት»፣ «ኪራይ ሰብሳቢ» ሲባል ኢሕአዴግ፣ «መደመር» ሲባል ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ዘመን ወዲያው ትዝ ይላል። አድማጩ ስለሚያውቃቸው ይጠነቀቃቸዋል። ከጆሮ የሚያመልጡት ትንንሾቹ ናቸው፤ ከሁሉም በላይ «እኛ»።

አንድ ተናጋሪ «መንገዱን ገነባን» ሲል እኛ ማለት መንግሥት ነው። ትንሽ ቆይቶ «ውኃው እስኪዳረስ መታገሥ አለብን» ሲል ግን የሚታገሠው ጀሪካን ይዞ የሚሰለፈው ነዋሪ ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ምስጋናው ወደ ላይ፣ ሸክሙ ወደ ታች ሄደ። አማርኛ ይህን አይለይም፣ አፋን ኦሮሞም እንዲሁ። ሶማሊኛ ግን ይለያል፦ አድማጩን ጨምሮ «እኛ» ለማለት «ኢናጋ»፣ አድማጩን ትቶ «እኛ» ለማለት «አናጋ» ይላል። ስለዚህ ያንን ንግግር ወደ ሶማሊኛ የሚመልስ አስተርጓሚ በየዓረፍተ ነገሩ መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ድሬ ውስጥ ይህን መፈተሽ ቀላል ነው፤ ሶማሊኛ አፉን የፈታበትን ሰው «ይኼ እኛ ኢናጋ ነው ወይስ አናጋ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መምረጥ ካቃተው ተናጋሪው ነገሩን አድበስብሶታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት «እኛ» የሚለውን ቃል ብቻ መቁጠር ነው። አማርኛ ባለቤቱን ግሡ ውስጥ ስለሚቀብር አብዛኛው «እኛ» ያለው «ሠራን»፣ «እንሠራለን»፣ «አለብን»፣ «ከተማችን» ውስጥ ነው። ቃሉን ብቻ የቆጠረ ሰው ዋናውን ሳያይ ያልፋል።

«‹ተ› ያለበት ግሥ ሁሉ አድራጊውን ይደብቃል»

ይህ ስለ ጉዳዩ ጥቂት ያነበቡ ሰዎች የሚሳሳቱት ነው። «ተናገረ»፣ «ተቀመጠ»፣ «ተማረ» በ«ተ» ይጀምራሉ፣ አድራጊያቸው ግን አልተደበቀም። በተቃራኒው ያለ «ተ» ከማንም በላይ የሚደብቅ ግሥ አለ። እነዚህን አራት አነጋገሮች በተርታ ማየት ይበቃል፦ «ቤቶቹን አፈረስን»፤ «ቤቶቹ እንዲፈርሱ ተደረገ»፤ «ቤቶቹ ፈረሱ»፤ «የማስተካከል ሥራ ተከናወነ»። በመጀመሪያው አፍራሹ አለ። በሁለተኛው ስሙ ጠፍቷል፣ ግን አንድ ሰው እንዳደረገው ይታወቃል። በሦስተኛው ቤቶቹ ዝናብ እንደመታው አጥር በራሳቸው ጊዜ የወደቁ ይመስላሉ። በአራተኛው ቤቶቹም የሉም። በደርግ ጊዜ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደ» ሲባል «መግደል» የሚለው ቃል የጠፋው በዚሁ መንገድ ነው። ትክክለኛው መፈተሻ ፊደሉ ሳይሆን «ማን አደረገው?» የሚለው ጥያቄ ነው። መልሱ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥም አካባቢውም ከሌለ፣ መልሱን ማወቅ ደግሞ ለአድማጩ የሚጠቅመው ከሆነ፣ ያ ቦታ ሊሰመርበት ይገባል።

«አንተ ንቀት ነው፣ እርስዎ አክብሮት ነው»

በሐረርና በድሬዳዋ አማርኛ ይህ ሕግ አይሠራም። ትልቅ ሰውን «አንተ»፣ «አንቺ» ማለት እዚህ የቆየ የቅርበት አነጋገር ነው። እንግዳ ተናጋሪዎችም ይህን ያውቃሉ፤ ንግግራቸውን በ«አቦ» ይከፍታሉ፣ አዳራሹም ያጨበጭባል። መታየት ያለበት ያ ቅርበት እስከ የት እንደሚዘልቅ ነው። ሰላምታው ላይ «የድሬ ልጆች» የተባሉት ሰዎች ግብር፣ መሬት ወይም ማስጠንቀቂያ ላይ ሲደረስ «ኅብረተሰቡ» እና «ተገልጋዮች» ከሆኑ፣ ቅርበቱ ያገለገለው ለሰላምታው ብቻ ነበር።

«ስም መለያ እንጂ ሌላ ምንም አይደለም»

ሐረሪዎች ራሳቸውን ጌይ ኡሱእ፣ ቋንቋቸውን ጌይ ሲናን ይላሉ። በአማርኛ ለረጅም ጊዜ «አደሬ» ይባሉ ነበር፤ ዛሬ በመንግሥት ሰነድ ላይ የሚጻፈው ሐረሪ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም መግቢያውን «እኛ የኢትዮጵያ ሕዝብ» ብሎ አልጀመረም፤ «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ነው ያለው። ያ ብዙ ቁጥር ለማማር የገባ አይደለም፤ አንቀጽ 8 ሉዓላዊ ሥልጣንን የሚሰጠው ለእነሱ ነውና።

«በዓለም መድረክ የሚያስከብረው የውጭ ቋንቋ ነው»

ከሐረር ብዙ በማይርቀው ኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፈረንሳይኛ ያውቁ ነበር። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ፣ የመንግሥታት ማኅበር ፊት የቆሙት ግን በአማርኛ ነው፣ ያውም የጣሊያን ጋዜጠኞች እያፏጩ። አገራቸው በወራሪ እጅ ሳለች፣ የቋንቋው ምርጫ ራሱ «መንግሥታችን አልጠፋም» የሚል ክርክር ነበር።

«ይህን መተንተን የምሁር ሥራ ነው»

የሚያስፈልገው ቀረጻ፣ ወረቀትና ሦስት ቀለም ያለው እስክሪብቶ ነው። ከንግግሩ አምስት ደቂቃ ያህል እንደተነገረው፣ ሳይታረም መጻፍ፤ ጋዜጣ ላይ የወጣው ብዙ ጊዜ ተስተካክሏል። በአንዱ ቀለም «እኛ»ን በየመልኩ ማስመርና ጎኑ ላይ ማንን እንደሚያቅፍ መጻፍ፤ በሁለተኛው አድራጊ ያጡትን ግሦች፤ በሦስተኛው «እንደሚታወቀው»፣ «ዳግም»፣ «የጀመርነው» የመሳሰሉትን፣ ተናጋሪው ሳያስረዳ የዘለለውን ነገር እውነት የሚያስመስሉ ቃላት። ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆሙና ያገኙትን ሁሉ የተናጋሪው ተንኮል ያደርጉታል። በዚያው ጉዳይ ላይ የተቃዋሚውን ንግግር በተመሳሳይ መንገድ ሳይሠሩ ተንኮል ይሁን ልማድ አይታወቅም። ሁለቱም «እንደሚታወቀው» ብለው ከጀመሩ የመድረክ ልማድ ነው፤ አንዱ «ፈረሱ» ያለውን ሌላው «አፈረሷቸው» ካለ ግን የፖለቲካ ልዩነታቸው ያለው እዚያ ግሥ ላይ ነው።