«መካከለኛ ዕድሜ» ምንድን ነው? ሰፈር ሲያረጅና ሰው ሲያረጅ

ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ሬዲዮ ላይ አንድ ተንታኝ ስለ ኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ያወራል። «መካከለኛ ዕድሜያቸው እየጨመረ ነው፤ ጡረተኛ እየገባባቸው ነው ማለት ነው» አለ። ይህን አባባል ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ። ሾፌሩን ዝጋው ማለት ስላልቻልኩ እዚህ ልናገር።

መካከለኛ ዕድሜ፣ እኛ በሥራ ቦታ ሚዲያን የምንለው፣ ሰውን ሁሉ ከትንሽ እስከ ትልቅ ብታሰልፉ መሐል ላይ የሚቆመው ሰው ዕድሜ ነው። በቃ። አማካይ አይደለም። ሰው ስንት ዓመት ይኖራል ማለትም አይደለም። የኢትዮጵያ መካከለኛ ዕድሜ 19 ገደማ ነው ስለው «እንዴ፣ በ19 ነው የምንሞተው?» ያለኝ ሰው አለ። እሱን ለሌላ ቀን።

አንድ ቤት እንውሰድ። ባለ ሁለት መኝታ፣ ሦስተኛ ፎቅ። አባት 38፣ እናት 34፣ ልጆች 7 እና 4፣ የቤት ሠራተኛዋ 19። መሐል ላይ የምትቆመው ሠራተኛዋ ናት፤ ስለዚህ የቤቱ መካከለኛ ዕድሜ 19 ነው። ከ10 ዓመት በኋላ እንመለስ። አባት 48፣ እናት 44፣ ልጆች 17 እና 14። የድሮዋ ሠራተኛ ዓረብ አገር ሄዳለች፤ በሷ ቦታ ሌላ የ19 ዓመት ልጅ ገብታለች። መካከለኛ ዕድሜው? አሁንም 19! አራት ሰው አሥር አሥር ዓመት ጨምሮ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። በወሩ «ልጆቹ እኮ አደጉ» ተባለና ሠራተኛዋ ተሰናበተች። አራት ሰው ሲቀር መሐል ላይ የሚቆሙት ሁለት ናቸው፤ የ17 እና የ44 አማካይ ይወሰዳል፤ ቁጥሩ 30.5 ገባ። ጡረተኛ አልመጣም። በአንድ ወር ውስጥ ያረጀም የለም። አንዲት ልጅ ፌስታሏን ይዛ ደረጃውን ወረደች፣ አለቀ።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የአዲስ አበባን የዕድሜና የፆታ ፒራሚድ፣ በየዕድሜው ስንት ወንድና ስንት ሴት እንዳለ የሚያሳየውን ሥዕል፣ ብታዩት በወጣት ሴቶች በኩል ሆዱ ገፍቷል። ብዙዎቹ ለሥራ፣ በተለይ ለቤት ሠራተኝነት፣ ከክፍለ ሀገር የመጡ ናቸው።

ሰው የሚያረጀው ዓመት ሲጨምር ነው። ሰፈር ግን ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ስንት ተወለደ ብሎ ነው የሚያረጀው። የቆየ ሰፈር እንደዚያ እንደተሳፈርኩበት ሚኒባስ ነው። አንዱ ሜክሲኮ ላይ ይገባል፣ ሳር ቤት ላይ «ወራጅ አለ!» ይላል፣ ሌላው ይተካል። አዲስ የተሠራ የከተማ ዳር ሰፈር አገር አቋራጭ አውቶብስ ነው። ሁሉም ሌሊት 11 ሰዓት አንድ ላይ ይሳፈራል። መንገድ ላይ የሚወርዱት ልጆቹ ናቸው፤ አንዱ ትዳር ላይ፣ አንዱ አሜሪካ ላይ። ወላጆች ወንበራቸውን አይለቁም። ልጆቹ በለቀቁት ወንበር ላይ ዘንቢል ይቀመጥበታል። ትርፍ መኝታ ቤቱን ማለቴ ነው።

ከቶኪዮ በስተምዕራብ ያለው ታማ ኒው ታውን እንዲህ ያለ አውቶብስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች በ1971 እ.ኤ.አ. ገቡ። ብዙዎቹ ልጅ የሚያሳድጉ ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ። ልጆቹ አድገው ወጡ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ወላጆቹ እኛ ጂ ፕላስ 4 በምንለው ዓይነት ሊፍት አልባ ሕንፃ ውስጥ አረጁ። እዚያ ሰፈር ሽማግሌ የበዛው ጡረተኛ ስለገባ አይደለም። የገቡት ወጣቶች ናቸው ያረጁት።

ጀሞስ? የጀሞ ኮንዶሚኒየም አውቶብስ ይምሰል እንጂ ዕጣ የወጣለት ሁሉ አልገባበትም። ለአምስት ዓመት መሸጥ ክልክል ነበር፤ ማከራየት ግን ይቻላል። ብዙ ሰው አከራየ። ተከራይ ደግሞ የሚኒባስ ተሳፋሪ ነው፤ ኪራይ ሲጨመርበት ይወርዳል፣ አዲስ ሙሽሮች ይገባሉ። ስለዚህ አንድ ብሎክ ውስጥ አውቶብስም ሚኒባስም አለ። ምሳሌው እዚህ ጋ ተጣመመብኝ መሰለኝ፤ ሐሳቡ ግን ገብቷችኋል።

ስለ ወሊድ ደግሞ ተንታኙ ትንፍሽ አላለም። የሕዝብን መካከለኛ ዕድሜ በዋናነት ወደ ላይ የሚገፋው የሕፃን ማነስ ነው፤ ረጅም ዕድሜ መኖር ከዚያ በኋላ ይመጣል። እንዲያውም የሕፃናት ሞት ሲቀንስ ሕዝብ መጀመሪያ ወጣት ይሆናል። በየጊዜው በአገር ደረጃ በሚካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው በ1992 ዓ.ም. 1.9፣ በ1997 1.4፣ በ2008 ደግሞ 1.8 ልጅ ነበር። ትውልድ ራሱን እንዲተካ 2.1 ገደማ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የምናየው አብዛኛው ኮንዶሚኒየም ያኔ አልተሠራም። እንግዲህ አንድ ሰው የአንድን ሰፈር መካከለኛ ዕድሜ እንደ ሸቀጥ ዋጋ ሲጠራ ከየት አመጣኸው በሉት።

ዕድሜ ራሱም ጣጣ አለው። እኛ አገር ዕድሜ በ0 እና በ5 በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ ይከመራል። 40 የሚል ሞልቶ 41 የሚል ይጠፋል። አንድ ጊዜ መጠይቅ ይዤ በር ላይ ቆሜ የሠራተኛዋን ዕድሜ ጠየቅኩ። የቤቱ እመቤት ወደ ኩሽና ዞር ብላ «አንቺ፣ ስንት ነሽ?» አለች። ሽንኩርት ሲቁላላ ይሰማል፤ መልስ የለም። «እ... ሃያ በላት» አለችኝ። ሃያ ብዬ ጻፍኩ። መሐል ላይ የምትቆመው እሷ ስለነበረች የዚያ ቤት መካከለኛ ዕድሜ 20 ሆነ።